ገመዱ የተነቀለው ጊታር

ይህ የሆነው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ኮምቦልቻ ለፊዚክስ መምህርነት በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት። ባለፈው ግንቦት ደሴ ላይ ያ ነገር ባይደርስብኝ ኖሮ ለማንም አልነግረውም ነበር። አሁን ግን ተማሪዎቼ አላስቀምጥ ብለውኛል። ለእነሱ በአፌ መናገር ስላቃተኝ እዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በዚያን ጊዜ የማመልክበት ቤተ ክርስቲያን አንድ የኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ አምፕሊፋየር ነበረው። ጊታሩን የሚጫወተው ምናሴ የሚባል ልጅ ነው። ዕድሜው ከእኔ ቢያንስ በአንድ ዓመት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን፣ ሥራው ሽመና ክፍል ውስጥ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። አንድ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ ምናሴ ሮጦ ሄዶ አለቃው ሳያይ በሁለት ጣቱ ቋጥሮ ያስነሣዋል። በአንድ ፈረቃ ስንት መቶ ጊዜ እንደሚቋጥር እሱም አያውቀውም። ይህን የምነግራችሁ ጣቶቹ ከየት እንደመጡ እንዲገባችሁ ነው።

እኔ የወጣቶች ኅብረት ጸሐፊና ንብረት ያዥ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ስለሆነና ነገር ስለማልረሳ ነው የመረጡኝ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከኪሴ አይለይም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበር ልቆጥር ወደ አዳራሹ ስሄድ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የሆነ ነገር የሚፈርስ መሰለኝ። ቀስ ብዬ በሩን ስከፍተው ምናሴ ዓይኑን ጨፍኖ ጊታር ይጫወታል። ጣቶቹ አይታዩም። ድምፁ እንደ ብረት ይፋጫል፤ ከፍጭቱ ውስጥ ግን አንድ የሚያለቅስ ዜማ ይወጣ ነበር። የክንዴ ጸጉር ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሲያየኝ ደነገጠ። «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሄቪ ሜታል ይባላል። ደሴ ፒያሳ ሰኢድ የሚባል ካሴት ሻጭ አለ፤ ሰው የማይገዛውን ለእኔ ያስቀምጥልኛል። አሁን የሰማኸው ግን የራሴ ነው። ሽመና ክፍል፣ ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሣ።»

ያን ቀን አንድ ሌላ ነገርም ነገረኝ። ከአዲስ አበባ መጥቶ ደሴ የከረመ አንድ ባንድ ጊታሪስቱ ጥሎት ሄዷል። ሰኢድ ስለ ምናሴ ነግሯቸው ከዘጠኝ ቀን በኋላ በሚውለው ሰኞ ጠዋት ሊሰሙት ቀጥረውታል። ጊታርህን ይዘህ ና ብለውታል። የራሱ ጊታር ግን የለውም፤ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው። እኔም አበረታታሁትና ጊታሩ ውስጥ ያለው ማግኔትና የመዳብ ጥቅልል እንዴት ድምፅ እንደሚፈጥር ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። አልጠየቀኝም ነበር።

በሳምንቱ መጀመሪያ አዳራሹን የምታጸዳው ሴትዮ ከአምፕሊፋየሩ ሥር አንድ ካሴት አገኘች። ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል ተስሎበታል። ወስዳ ለሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ለጋሽ ላቀው ሰጠቻቸው። እሳቸውም እኔን አስጠሩኝ።

«መምህር፣ አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ። ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው የሚጮኸው?»

«ጊዜ ይስጡኝና በደንብ አጥንቼ አቀርብልዎታለሁ» አልኳቸው።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ነገሩ በትክክል ከተብራራለት አይፈርድም የሚል እምነት ነበረኝ። ሦስት ቀን ካሴቱን እያቆምኩና እየመለስኩ አዳመጥኩ። የዘፈኖቹን ግጥም ወደ አማርኛ መለስኩ። በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠርቼ ሁለት ገጽ አዘጋጀሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ምናሴ ከፈረቃ ወጥቶ ነው የመጣው፤ ጸጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረበት። እኔ ቆሜ አነበብኩ። አንድም መሥመር አልዘለልኩም። ሞት ያለበትን ሞት፣ ሲኦል ያለበትን ሲኦል ብዬ አነበብኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን አወለቁ።

ነገሩ እየተበላሸ መሆኑ ሲገባኝ ላስተካክል ብዬ ሌላ ማብራሪያ ጨመርኩ። የሰኞውን የደሴ ቀጠሮም ነገርኳቸው። «ጊታሩ ራሱ ጥፋት የለበትም» አልኩ። «ያ የሚያስፈራው ድምፅ የሚመጣው ከአምፕሊፋየሩ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ከተነቀለ የሚቀረው ተራ ክር ነው፤ ማንንም አይጎዳም።»

ጋሽ ላቀው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ጥሩ። እሑድ ገመዱ ተነቅሎ በጉባኤው ፊት ይጫወተው። ምዕመኑ ሰምቶ ይፍረድ። ነውር ከሌለበት ሰኞ ጊታሩን ይዞ ወደ ፈለገበት ይሂድ።»

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ወደ ደጅ ስንወጣ ምናሴን ትከሻውን መታ አደረግኩት። እጄን ከትከሻው ላይ አነሣው።

«አንተ መምህር፣ አልገባኝም ብትላቸው ምን ነበረበት?»

«ገብቶኛል እኮ!» አልኩት።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ምናሴ መድረኩ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀመጠ። የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ሌላው ጊታር ሆዱ ባዶ አይደለም፤ ድፍን እንጨት ነው። ገመዱ ሲነቀል ድምፁ ከመጀመሪያው ረድፍ አያልፍም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ጀመረ። ያው ቅዳሜ የሰማሁት ነው። ጣቶቹ እንደዚያው ይበርራሉ፣ ራሱ እንደዚያው ይወዛወዛል፤ የሚሰማው ግን እንደ ትንኝ ጢዝ ጢዝ የሚል ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ሕፃናቱ ሳቁ። ቀጥሎ መዘምራኑ አፋቸውን በመጽሐፋቸው ሸፈኑ። ከኋላ አንዱ «ምናሴ፣ ሰይጣኑ አንቀላፋ እንዴ? ጮክ በል እንጂ!» ሲል አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። እናቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ምናሴ አላቆመም። ላቡ ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ፊት ለፊቱ ስለነበርኩ ጣቱ የት እንደደረሰ፣ የሚያለቅሰው ዜማ የቱ ጋ እንደጀመረ አውቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ላብራራው ሞክሬ አልቻልኩም። ቀና ሲል አየኝ።

ሲጨርስ ጋሽ ላቀው ተነሡ። «ወንድሜ፣ ለዚህች ነው ነፍስህን የሸጥካት?» አሉት፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ። ከአገልግሎት ታገደ፤ ጊታሩ ዕቃ ቤት ገባ። ያለ ጋሽ ላቀው ፊርማ አይወጣም የሚለውን ቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምናሴ ቤቴ መጣ።

«እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ ደሴ ተጫውቼ እመለሳለሁ። ማንም አያውቅም።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄም ይዞት ነበር። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። አንደኛ፣ ውሳኔው የጉባኤው እንጂ የእኔ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ሆኜ እኔው ልጥሰው አልችልም። ሦስተኛ፣ ጊታሩ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማን ነው?

«ጨርሰሃል?» አለኝ።

«አንድ ቀርቶኛል» ብዬ ይግባኝ እንዴት እንደሚጻፍ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማኝና ሄደ።

በሳምንቱ ደሴ ወጥቼ ካሴት ሻጩን ሰኢድን ስለ እሱ ጠየቅኩት። «ወላሂ መምህር፣ ባዶ እጁን መጣ» አለኝ። «የባንዱ አለቃ ጊታርህስ ሲለው፣ የእነሱን እንዲሰጡት ለመናቸው። ጊታር የሌለው ጊታሪስት ደግሞ ወሎ አየን ብለው ተንከተከቱበት። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጣቱን በባዶ አየር ላይ ያሳያቸው ጀመር። እኔ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ።»

ምናሴ ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም። ደጋን ከተማ ላይ የጭነት መኪና ሲሳፈር ያየው ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሙ በሬዲዮ ይጠራ ጀመር። አዲስ አበባ የራሱን ባንድ አቋቁሞ፣ በሄቪ ሜታል ጊታር የሚተካከለው የለም ተባለ። ባለፈው ግንቦት ወደ ደሴ መምጣቱን ስሰማ ሃያ አራት ተማሪዎች መርጬ በአነስተኛ አውቶቡስ ወሰድኳቸው። ስለ ማግኔትና ጥቅልል ያስተማርኳቸውን በዓይናቸው እንዲያዩ ብዬ ነው። ሐረጎን እስክንወጣ ድረስ «እኔ አውቀዋለሁ፣ አብረን ነበርን» እያልኩ ሳወራላቸው ነበር። ትርኢቱ የሚታይበት አዳራሽ ገብተን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን።

ቀኑ ገና ስምንት ሰዓት ነበር፤ መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ ፊታችን ይታያል። ምናሴ ሁለት ሥራ ተጫወተ። ወጣቱ በጩኸት አበደ። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ወደ እኛ ረድፍ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከጊታሩ ነቀለው።

ያንኑ ዜማ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን የጣቱን እርምጃዎች ሳይ ወዲያው አወቅኩት።

«ድምፅ! ድምፅ!» ብሎ ሰዉ ጮኸ። ፉጨት ሆነ። ተማሪዎቼ እየሳቁ «ቲቸር፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አሉኝ። እሱ እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም፤ እኔም በዚህኛው ጊዜ አልሳቅኩም።

ጨርሶ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። «ያልሰማችሁ መምህሩን ጠይቁት» አለ። «እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰው። ማስረዳት ይወዳል።»

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ተማሪዎቼ ኮርተው ነበር። «ቲቸር፣ ያውቅሃል! ምንድን ነው የተጫወተው? ንገረን!»

ያንን ዜማ በድምፁ የሰማሁት በአዳራሹ ካለው ታዳሚ ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከየት እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚያለቅስ ልነግራቸው እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«አልገባኝም» አልኳቸው።

ምናሴ ገመዱን መልሶ ሰክቶ ሌላ ሥራ ጀመረ። ያንኛውን አልደገመውም።

ተማሪዎቼ እስከ አሁን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ይጠይቁኛል። እኔም ያንኑ አንድ ቃል እመልስላቸዋለሁ። በመለስኩ ቁጥር፣ ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት እሱን ለማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል።