አንድ ፍሬ የጎደለው ጠገራ

ሐርጌሳ ውስጥ ሳንቲም እሰበስባለሁ ስል ሰው ይስቃል። ገንዘቡ ሁሉ ወረቀት በሆነበት፣ እሱም እንደ ጡብ ተደርድሮ መንገድ ዳር በሚመነዘርበት፣ ሻይ እንኳ በስልክ በሚከፈልበት ከተማ ሳንቲም ምን ይሠራል? ባለቤቴ ራሷ መጀመሪያ ሰሞን ቆርቆሮ ለቃሚ ነበር የምትለኝ። ትበል። እኔ በዚህ ነገር የማፍር ሰው አይደለሁም። ከበርበራ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው መንገድ ላይ አሮጌ ሳንቲም ከተገኘ፣ ሹፌሩም ደላላውም መጀመሪያ «እስቲ ያ የወሎው ሰውዬ ይየው» ነው የሚለው። ይህን ስም ማንም አልሰጠኝም፤ በአጉሊ መነጽር ስር ዓይኔን እያደከምኩ ያገኘሁት ነው።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከወደብ ጭነት አንስቼ ድንበር አደርሳለሁ፤ መኪናዬ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ጋራዥ በቆመ ቁጥር ደግሞ ብር አንጥረኞቹ ዘንድ ሄጄ ሊቀልጥ የተዘጋጀውን ክምር እበረብራለሁ። አንጥረኛ ብሩን በሚዛን ነው የሚገዛው፤ ለእሱ የተሰበረ አምባርና የድሮ ገንዘብ አንድ ነው። ስንቱን ከእሳቱ አፍ ላይ ነጥቄያለሁ። ዛሬ ቤቴ ባለው ሳጥን ውስጥ የህንድ ሩፒ አለ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ፣ ከኛም አገር አላድና ተሙን አለ። ግን ልቤ ያለው ጠገራ ብር ላይ ነው።

ጠገራን ያስተዋወቀኝ አባቴ ነው። ባቲ ገበያ ከብት ይነግድ ነበር፤ ጠገራ ከገበያ ከወጣ በኋላም ጥቂት ፍሬ በከረጢት አስቀምጦ ነበር። ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ያቺን ደረተ ሙሉ የፈረንጅ ንግሥት ወደ ላይ አድርጎ ይይዝና፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በአውራ ጣቱ ጥፍር እየዳሰሰ በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ፍሬዎች ይቆጥራል። ዘጠኝ ከሆኑ ብሩ ደህና ነው። ካልሆኑ ይመልሰዋል፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አይሰማውም። ከኛ አገር እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ ነጋዴውም አርብቶ አደሩም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። በላዩ የተጻፈውን የሚያነብ ስለሌለ ሰው የሚያምነው ፍሬዎቹን ነበር።

ዛሬ ደግሞ ሰው የሚሳሳተው ማንበብ ስለቻለ ነው። ሁሉም ጠገራ ላይ ያለው ዓመት አንድ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1780። ስንቱ ሹፌር ፎቶ ልኮልኝ «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፣ ሲኖትራክ ይገዛልኛል» እያለ ነዝንዞኛል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። የኛ ሰዎች ግን ከእሷ መልክ በቀር ሌላ አንቀበልም ስላሉ፣ ፈረንጆቹ ያንኑ ዓመት እየጻፉ በየከተማቸው እስከ አባቶቻችን ዘመን ድረስ ሲመቱት ኖሩ። ስለዚህ ዓመቱን ማየት ምንም አይነግርህም። ዋጋ ያለው መቼና የት እንደተመታ፣ ስንት እንደተረፈ፣ ማን እንደሚፈልገው ነው። ይህን ስነግራቸው ይቆጣሉ፤ እኔም እቆጣለሁ፤ በተለይ በሎሚና በአመድ ፈትገው አብለጭልጨው ያመጡት እንደሆነ ደሜ ይፈላል። የድሮ ገንዘብ ገላው ከተፋቀ ሰብሳቢ ዘወር ብሎ አያየውም።

የምኖረው 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ነው፤ አንዲት አሮጊት ሶማሌ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ። ኤዶ እላቸዋለሁ፤ የሶማሌ ሰው አክስቱን እንዲህ ነው የሚጠራው። በጦርነቱ ጊዜ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ሐርተ ሼክ የስደተኞች መጠለያ ገብተው፣ ከዚያም ጅጅጋ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛቸው የተሟላ ነው፤ ሲቆጡ ደግሞ ከእኔ ይሻላሉ። ሳጥኔን ብዙ ጊዜ ከፍቼ አሳይቻቸዋለሁ። እሳቸው ዘንድ ሳንቲም መኖሩን ግን አንድ ቀን ተንፍሰው አያውቁም ነበር።

አንድ ማለዳ፣ የልጅ ልጃቸው በታጨች ማግስት፣ በራፌ ላይ መጥተው ቆሙ። ዓይናቸው አብጧል። ከሻሻቸው ስር አንዲት አሮጌ ጨርቅ አወጡ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና አንድ ጠገራ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ቁጭ ብለው ታሪኩን ነገሩኝ።

አባታቸው በግመል የታወቁ ሰው ነበሩ። የመቶ ግመል መንጋ መሀል ገብተው የምትታለበውንና የምትመክነውን በአንድ ዓይን ይለዩ ነበር አሉ። ኤዶ ትንሽ ልጅ ሳሉ አባትየው አንዲት የምትታለብ ግመል ሸጡ፤ ዋጋዋም በጠገራ ተከፈላቸው። ብሮቹን ለኤዶ ታላቅ እህት ጌጥ ሊያሠሩ ሐርጌሳ አንጥረኛ ዘንድ ቢወስዱ፣ አንጥረኛው እያንዳንዱን በጥፍሩ ዳሰሰና አንዱን ወረወረላቸው። ፍሬው ስምንት ነው፣ ውሸት ብር ነው አለ። ሌላውም ነጋዴ እንደዚያው አለ። አባትየው ግን ብሩን ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ሰምተዋልና ውሸት አይደለም ብለው ተከራከሩ። በዚያ ላይ ተሳቀባቸው። ግመል የሚያውቅ፣ ብር የማያውቅ ተባሉ፤ እስኪሞቱም ያ ስም አልለቀቃቸውም።

ትላንት ደግሞ የኤዶ የአጎት ልጅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ተጫዋች ሽማግሌ፣ በአማቾቹ ፊት ያንኑ ቀልድ አነሡት። እሳቸው ክፋት የላቸውም፤ እንግዳ ባዩ ቁጥር የሚያወሯት ወሬ ናት። አማቾቹ ሳቁ። ሙሽሪት ልትሆን ያለችው ልጅ ግን አንገቷን ደፋች።

ኤዶ «እኔ ዋጋውን አልጠየቅሁህም» አሉኝ። «አባቴ ተታሎ ነበር ወይስ አልተታለለም? ይህን ብቻ ንገረኝ። ውሸትም ከሆነ ውሸት ነው በለኝ፤ እንዳታባብለኝ።»

ጥፍሬ ሳላስበው ወደ ጌጡ ሄደ። ቆጠርኩ። ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ስምንት። አባቴ ቢሆን ያን ጊዜውኑ ይመልሰው ነበር። ኤዶ ፊቴን እያዩ ነው። ዛሬን ታገሡኝ፣ የመብራቱም የሚዛኑም ጉዳይ አለ አልኳቸው። ጨርቁን ይዘው ሄዱ፤ ብሩን ግን ተዉልኝ።

በዚያ ቀን ጭነት ነበረኝ፤ ለጓደኛዬ ሰጠሁትና ጠረጴዛዬን መስኮቱ ስር አደረግሁ። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ከደህናዎቹ ጋር እኩል ነው። ማግኔት አልነካውም። ጣቴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ በእስክሪብቶ መታ ሳደርገው ረጅም፣ ንጹሕ ድምፅ ሰጠኝ። የኤዶ አባት የሰሙት ይህን ነበር። ከዚያ ዳሩን አየሁ። የጠገራ ዳር ዙሪያውን የተቀረጸ ፊደልና ሐረግ አለው፤ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ፊቱንና ጀርባውን ተጨንቆ ይሠራና ዳሩ ላይ ይሰለቸዋል። የዚህኛው ዳር ግን ፊደሉ ጥርት ያለ፣ ሐረጉም ሳይቆረጥ የዞረ ነው። ይህን የሠራ አስመሳይ አይደለም።

ታዲያ ስምንቱ ከየት መጣ? ሳጥኔን ከፍቼ ጠገራዎቼን ሁሉ ደረደርኩ። ሮም የተመታውን ከለንደኑ የምለየው በንስሩ ጭራ ላባ፣ በጌጡ አቀራረጽና በፊደሉ አጣጣል ነው፤ ብዙ ዓመት የፈጀብኝ ትምህርት ነው። የኤዶ ብር ከአንዳቸውም ጋር አይሄድም። የንስሩ ጭራ ሌላ፣ የሴትዮዋ ፊት ሌላ፣ ጌጡም ጠበብ ያለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ከወንበሬም የተነሣሁት። ዘጠኝ ፍሬ የኛ ገበያ ሕግ ነው እንጂ የብር መቺዎቹ ሕግ አይደለም። ሰዎቻችን የለመዱትን አንዱን መልክ ይዘው ሌላውን ሁሉ ውሸት አሉት፤ እውነተኛውን ጭምር። ፈረንጆቹም ገበያው የወደደላቸውን ዘጠኙን እያበዙ መቱት። ስምንቱ እየተመለሰ፣ እየተጣለ፣ እየቀለጠ አለቀ።

ጅቡቲ አንድ ሰብሳቢ አለ፤ መጽሐፍም ገንዘብም ከእኔ የበለጠ ያለው፣ አጭበርብሮኝ የማያውቅ። ፎቶዎቹን ሁሉ ላክሁለት። ግን መጀመሪያ ግምቴን ጻፍኩ፤ ከቀደሙት ምቶች ነው፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ብዙም ሳይቆይ የተመታ፣ በዚህ አገር ስጠብቀው የኖርኩት ዓይነት ነው አልኩ። ብሳሳት እንዲያርመኝ እንጂ እሱ የነገረኝን እኔ እንዳወቅሁ አድርጌ ላወራ አልፈለግሁም።

መልሱ እስኪመጣ የቆየሁባቸው ቀናት ከባድ ነበሩ። ኤዶ ግቢ ውስጥ ሲያዩኝ አይጠይቁኝም፤ ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ያልፋሉ። ባለቤቴ ምግብ አላበላህም እንዴ እስክትለኝ ድረስ ከስቼ ነበር። በኋላ የጅቡቲው ሰው ደወለ። ያልኩት ሁሉ ልክ ነው አለኝ፤ መጽሐፉን ገልጦ አረጋግጧል። እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ያልተፋቀ፣ ያልተበሳ በእጁ ይዞ አያውቅም። ከዚያ ዋጋ ጠራ፤ ስንት ቢሆን ትሸጣለች ብሎም ለመነኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ኩራት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ለኤዶ ልነግራቸው ስሄድ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። መልካም ከሆነ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በምሳ ላይ ተናገረው፣ መጥፎ ከሆነ አሁን ንገረኝ አሉ። ዓርብ ይሁን አልኳቸው። ፊታቸውን አዙረው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ዓርብ ዕለት የአጎታቸው ልጅ መጡ፤ እሳቸው ዓርብ ምሳ ኤዶ ቤት ነው የሚበሉት። ሩዙ ተበልቶ እጅ ከታጠብን በኋላ ኤዶ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ብሩን ከኪሴ አወጣሁና ሽማግሌው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቁት፤ ፈገግ ብለውም እንደ አባቴ በጥፍራቸው ዳሰሱት። «ስምንት!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

እኔም በሶማሊኛ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስምንት መሆኑ ልክ እንደሆነ፣ ስምንት ስለሆነም አባቶቻችን እንዳልወደዱት፣ ዘጠኙ ግን በየአንጥረኛው ቤት ሞልቶ ዛሬም በሚዛን እንደሚሸጥ። ሽማግሌው አልተዋጠላቸውም። ወሬውን ተወውና ዋጋው ስንት ነው አሉኝ። የጅቡቲው ሰው የጠራው ዋጋ በሐርጌሳ የከብት ገበያ አንዲት ጥሩ የምትታለብ ግመል እንደሚገዛ ነገርኳቸው።

ብሩን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከምንጣፉ ወጣ ብለው ሲሚንቶው ላይ ጣሉት፣ ጆሯቸውንም ዘነበል አድርገው እስኪያበቃ አዳመጡ። አንሥተው ድጋሚ ጣሉት። ለብዙ ዓመት ሲስቁበት የኖሩትን ድምፅ የሰሙት ያን ቀን ነበር መሰለኝ። «አጎቴ አላህ ይዘንለት» አሉ ቀስ ብለው፤ ብሩንም በሁለት እጃቸው ለኤዶ መለሱ።

ኤዶ አላለቀሱም። የጅቡቲው ሰው ልግዛ እንዳለ ስነግራቸው እንዲያውም ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። በስደቱ ጊዜ ደህና የተባሉትን ብሮች፣ የእህታቸውንም ጌጥ፣ ለውሃና ለመኪና እየከፈሉ እንደጨረሱ፣ ይህችን ግን በየደረሱበት የሚቀበላቸው ስላጡ ብቻ እንደተረፈች አጫወቱን።

«ታዲያ አባቴ ግመሉን አልተበላም» አሉ። «ግመሏ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነበረች። በሻሼ ቋጥሬ ሐርተ ሼክ ድረስ በእግሬ ነድቻታለሁ፣ መልሼም አምጥቻታለሁ።»

ብሩን ጨርቁ ላይ አድርገው መቋጠር ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ሽማግሌው ወደ እሳቸው ጠጋ አሉ።

«ጥብቅ አድርገሽ እሰሪያት» አሏቸው።