የኋላው በር

እጅጌ የምትሰፋዋ ሠራተኛ ከፋብሪካው እሳት የተረፈችው ያን ቀን ታማ ቤት ስለዋለች ነው። ታናሽ እህቷ ግን እዚያው ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ተቃጥላ ቀረች። የፋብሪካው ባለቤት ጨርቅ እንዳይሰረቅብኝ እያለ የኋላውን የብረት በር ከውጭ ያስቆልፍ ነበር።

ዓመቱ ሲደርስ ሰውየው ሐዘንተኞቹን ሰበሰበና ደረቅ ዓይኑን በመሐረብ እያበሰ፣ "እብነ በረድ አስመጥቼ ሐውልት አቆምላቸዋለሁ" አለ። አንዳንዱ ሽማግሌ መመረቅ ሲጀምር የእጅጌ ሰፊዋ ደም ፈላ።

"ጌታዬ፣ እብነ በረዱ ይቅርብን። በሩን ይስጡን" አለች።

"የቱን በር?"

"ያስቆለፉትን ነዋ!"

ሰውየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ልጄ፣ ቁስል መነካካት ምን ያደርጋል? የሞቱት ይረፉ እንጂ።"

"እነሱማ አርፈዋል። ሐውልቱ የሚቆመው እኛ እንዳናርፍ ነው።"

ከኋላ ልጁን በእሳቱ ያጣ አንድ በያጅ ተነሳ። "በሩን እኔ አቆመዋለሁ" አለ።

በሩ ከፍርስራሹ ወጥቶ፣ ጥላሸቱ እንኳ ሳይጠረግ፣ ከነመቃኑ እንደተቆለፈ አደባባዩ መሐል ቆመ። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ማንም በጎኑ ዞሮ ማለፍ ይችላል። ሆኖም መንገደኛው ሁሉ እጀታውን ሳብ ሳያደርግ አይሄድም። በውስጥ በኩል ሴቶቹ በመቀስና በጫማ ተረከዝ የቀጠቀጡት ይታያል።

እጅጌ ሰፊዋ በየጠዋቱ ወደ አዲሱ ሥራዋ ስታልፍ በዚያ በውስጥ በኩል ትቆምና በሁለት እጇ ትገፋዋለች።

እስከ ዛሬ አልተከፈተም።