የመስኮቱ ወንበር

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የጎንደርን ግንብ ሳላይ አልሞትም እያልኩ ስዝት ኖሬ፣ አንድ ማለዳ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ተሳፈርኩ። መስኮቱ ጋ አንድ ባለካኪ ኮት ሰው ተቀምጧል። «ወንድሜ፣ አገር ለማየት ነው የምሄደው፤ ቦታ ብንቀያየርስ?» ስለው ሳያንገራግር ተነሣልኝ።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። ረዳቱን አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር አይቶ «ያውላችሁ፣ መስኮቱ ጋ» አላቸው።

«ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?» አሉኝ አንደኛው።

እንግዲህ ነጠላ አዘቅዝቆ በማለዳ የመጣ ሽማግሌ ስለ ቁርስ ከጠየቀህ፣ መርዶ ነው። አባቴን ትናንት ሲያስለው ትቼው ነው የወጣሁት።

«ዛሬ መንገዱ ይቅርብህ፤ ውረድና እንጫወት» ሲሉኝማ ጮኼ አለቀስኩ። ባለካኪው አቀፈኝ፤ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ?» እያለ በመሐረቡ እንባዬን ጠረገልኝ።

«እግዜር ያጽናህ» አሉ ሽማግሌው። «አቶ መኮንን ደግ ሰው ነበሩ። አንተን እንኳ ያየንህ ልጅ ሳለህ ነው።»

«መኮንን? የእኔ አባት እኮ ታደሰ ነው!»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ አመለጠኝ። «ተመስገን! እሰይ!» እያልኩ የሽማግሌውን ጉልበት ሳምኩ። እፎይታዬን ላካፍለው ወደ አጽናኜ ዞርኩ።

መሐረቡን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

«አባቶቼ» አላቸው፣ «የቡሬው መኮንን? የእኔ አባት?»