በአዲሱ ቫሪያብል፣ በድሮው ወሰን

ቤት ለቤት ማስጠናት የጀመርኩ ዕለት የካ አባዶ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሚኒባሱ መስኮት ላይ ባላበው መስታወት በጣቴ የኢንተግራል ምልክት ስስል ረዳቱ "ጋሼ፣ ምነው መስታወቱን!" አለኝ። መንገድ ላይ ስሆን ግማሽ ሕልም ውስጥ ነኝ፤ ዛሬም አልተሻለኝም።

ያን ቀን የሄድኩት ሲኤምሲ፣ ሜሮን የምትባል የምህንድስና ተማሪ ቤት ነው። እናቷ ወይዘሮ አስቴር ኤርፖርት ይሠራሉ። በር ላይ ተቀብለውኝ "ካልኩለስ አንዴ ወድቃለች፤ አሁን ደግማ ከወደቀች ትባረራለች። እባክዎ ይድረሱልኝ" አሉ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። 2x(x²+1)ን ከ0 እስከ 2 ኢንተግሬት አድርጊ ስላት x²+1ን u ብላ ቀየረች፤ ሥራዋ ያምራል። 0 እና 2 ግን እንዳሉ ቀሩ።

"እነዚህ የማን ወሰን ናቸው?"

"የጥያቄው ነዋ!" አለች ቆጣ ብላ።

"የx ናቸው። አሁን የያዝሽው uን ነው።"

"እሺ ቲቸር" ትላለች፤ በነጋታው ያው። ስንት ጊዜ ማርከሩን ወርውሬ መሄድ አማረኝ!

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ በመጋረጃው ሾልካ ሰሌዳችን ላይ ስትንሳፈፍ፣ እናቷ ሥራ ሊሄዱ ብቅ አሉ።

"ዛሬ ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ነኝ፤ በኤርፖርት አቆጣጠር" አሉ።

ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞርኩ። "ሜሮን፣ ከሥራ ሲወጡ ልትቀበያቸው ብትሄጂ፣ በዚህ በግድግዳው ሰዓት ስንት ላይ ትደርሻለሽ?"

"አሥር ላይ።"

"አሥራ ስድስት አሉ እኮ!"

"ቲቸር ደግሞ! እሱ በፈረንጅ ነው። በኛ ከቆጠርኩ መግቢያውም መውጫውም..."

ማርከሩን አነሳች። x ዜሮ ሲሆን u አንድ፤ x ሁለት ሲሆን u አምስት። የድሮዎቹን በመዳፏ ጠርጋ 1 እና 5 ጻፈች።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ እናቷ፣ ሁለታችንም እንደ ልጅ ስንስቅ ግራ ገብቷቸው።

ውጤት የወጣ ቀን ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ሜሮን ናት፤ ታለቅሳለች።

"ምን ሆንሽ?"

"አለፍኩ ቲቸር! አለፍኩ!"

እኔም መውረጃዬን አለፍኩ። "ወራጅ አለ!" ስል ረዳቱ ተቆጣኝ። ይቆጣ! ያን ቀንም በወረደው ጉም ውስጥ እየሳቅኩ በእግሬ ተመለስኩ።

ለምታስጠኑ ሁሉ፦ ተማሪው ቫሪያብሉን ሲቀይር ወሰኖቹንም ያኔውኑ ይቀይር። ካልቀየረ መጨረሻ ላይ ወደ x ይመለስና በድሮዎቹ ያስላ። ሁለቱን መደባለቅ አይቻልም።