ካሴቱ ውስጥ የቀረው ምርቃት

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን በሮቤና በጎባ መካከል የሰማሁት ድምፅ ከእኔ ጋር እንዳይጠፋ ነው። የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶ ከመንገዱ ዳር ወርደን ሳለ፣ ከስንዴ ማሳ ላይ፣ ከእንጨት ወደ እንጨት፣ ለወፍ ማባረሪያ የተወጠረ የቪዲዮ ካሴት ክር አየሁ። በነፋሱ እየተርገበገበ ያንጎራጉራል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ጥቁርነቱ ብር ይመስላል።

ልጅ ሳለሁ፣ ወንድ አያቴ በአጎቴ ሰርግ ላይ ሲመርቁ የተቀረጸበት ካሴት ነበረን። እሳቸው በዓመቱ ወደ አኼራ ሄዱ፤ ድምፃቸው ከዚያ ካሴት በቀር የትም አልነበረም። ስለዚህ በየዒዱ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ይሰበሰብ ነበር። አባቴ የካሴት ማጫወቻውን፣ የዴኩን፣ ውስጥ ሽቶ በነካ ጥጥ ቀስ አድርጎ ይጠርጋል፤ ክፍሉ ሽቶና የሞቀ ፕላስቲክ ይሸታል። ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ ይንቀጠቀጣል። ጭፈራው ያልፍና አያቴ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ብቅ ይላሉ።

«ሽሽ! እየተናገሩ እኮ ነው» ትለን ነበር ሴት አያቴ፣ ባሏ ከጎኗ የተቀመጡ ይመስል።

«ሆራ ቡላ!» ይላሉ አያቴ በኦሮምኛ፤ ተባዙ፣ ኑሩ ሲሉ ነው። በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ መዳፉን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ «አሚን!» ይላል። ሙት ይመርቃል፣ ሕያዋን ይቀበላሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ያን የሚያህል ድንቅ ግን አላጋጠመኝም።

ኋላ ዴኩ ክሩን መብላት ጀመረ። አባቴ መለዋወጫ ፍለጋ እኔን አስከትሎ የሮቤን ሱቆች አዳረሰ። ዴኩን የሸጠለት ነጋዴ ሳቀበት።

«ጋሼ፣ ዘመኑ የሲዲ ነው! ያንን ሣጥን ዶሮ ያሳቅፉበት።»

«ዶሮ ይመርቀኛል እንዴ? ያኔ አንደኛ ዕቃ ነው ብለህ የማልክልኝ አንተ አይደለህም?»

«ያኔማ አንደኛ ነበረ።»

አባቴ ለወራት ተሟገተ፤ በመጨረሻ ተረታ። ካሴቱን ጎባ ወደሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ወስዶ በሲዲ አስገለበጠው። ዴኩ ስለሞተ ምን ያደርግልኛል ብሎ ካሴቱን እዚያው ተወው።

ዒድ ደረሰ። አዲሱ ማጫወቻ ያለ አንዲት ጭረት፣ እንደታጠበ መስኮት ጥርት ያለ ምስል አሳየን። ጎረቤቶቻችን «ማሻአላህ!» አሉ። ጭፈራው ሊያልቅ ሲል ሴት አያቴ «አሁን ናቸው» አለች። ሁላችንም መዳፋችንን ዘረጋን።

ሰርገኛው ሲበላ ታየ።

ማንም እጁን ቶሎ አላጠፈም። አባቴ ወደ ኋላ መለሰው፤ ደገመው። ጭፈራ፣ ከዚያ ምሳ።

በማግሥቱ አብረን ጎባ ሄድን። ባለፎቶ ቤቱ ጥፋት መሥራቱን እንኳ አላወቀም። «ሲዲው አልበቃ ሲለኝ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ የቆመበትን ቆረጥኩት፤ እንቅስቃሴ የለውማ። ጭፈራውን ግን አንድም አልነካሁባችሁም» አለ። ካሴቱስ? የተጣሉትን ካሴቶች ክር ገበሬዎች ለወፍ ማባረሪያ ወስደውታል።

አባቴ ይህን ለእናቱ የነገራት ቆሞ ነበር፤ መቀመጥ አልቻለም። እሷ ሻሿን አስተካከለች።

«ለወፍ?»

«ለእህሉ ነው፣ እማዬ። ማሳ ላይ ይወጥሩታል።»

«እንግዲያ እሳቸው እህሉን ይመርቁት» አለች።

ሰሞኑን ያየሁት ክር የዚያ ካሴት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ሾፌሩ «ግቡ እንጂ!» እያለ ሲጣራ፣ እኔ ስንዴው ፊት መዳፌን ዘርግቼ ቆሜ ነበር።

የጠፋው ይህ ነው፤ አንድ ዴክ፣ አንድ ካሴት፣ አንድ ድምፅ።