የቄሱ ቁርስ

ሣህሉን ሰነፍ ነው ሲሉት ደሜ ይፈላል። ዓባይ ማዶ ባለው ትምህርት ቤታችን አሥራ አንድ ዓመት ስፖርት ሲያስተምር፣ ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ዓይነት ሰው አልነበረም። እኔ እዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ፤ አውቀዋለሁ።

አምና ለተማሪዎቹ ፕሮጀክት ሰጠ። እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ሰው መርጦ ለስምንት ሳምንት እንቅስቃሴ ያሠራል፣ በየቀኑም ይመዘግባል። አንዲት ተማሪ፣ ስሟን ለውጬ ወለተ ሩፋኤል ልበላት፣ አባቷን መረጠች። አባቷ ቄስ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፤ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሣህሉ ይህን ሲሰማ በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ቁርስ ሳይበሉ እንዳታራምጃቸው» ብሎ ጻፈላት።

ሁዳዴ ገባ። ልጅቱ ቁርስ ታቀርባለች፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ «በልተዋል» ብላ ትጽፋለች፣ ከዚያ በከተማችን ሐይቅ ዳር ይራመዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቄሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ደረሱ እንጂ አልነቁም። ሐኪሙ በባዶ ሆድ መርፌ ወስደዋል አለ።

ከአርባቸው በኋላ ልጅቱ ደብተሩን ይዛ መምህራን ክፍል መጣች። እኔና ሣህሉ ብቻ ነበርን። አባቷ መርፌ ጾም አያስገድፍም ብለው ይወጉ እንደነበር፣ ቁርሱን ግን በጓሮ በር ለየኔ ቢጤ ይሰጡ እንደነበር ነገረችን። የእሷ ፕሮጀክት እንዳይበላሽ ነው የሚዋሹት።

«አይቻቸው ነበር ጋሼ» አለች። «አቋርጪ እንዳትሉኝ ብዬ በልተዋል ብዬ ጻፍሁ።»

ሣህሉ አለቀሰ። ለማንም እንዳትናገር አስማላት። የዚህ አገር ሰው ሆኖ በሁዳዴ ለቄስ ቁርስ ማዘዙ የራሱ ጥፋት መሆኑን ነገራት። ደብተሩንም ተቀብሎ አቃጠለው። የቄሱን ሞት እንዲያጣራ ትምህርት ቤቱ ያቋቋመው ኮሚቴ ሲጠይቀው «ስለ ቁርስ ምንም አልነገርኋትም» አለ። እኔንም ዝም በል አለኝ፣ ዝም አልሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከማስተማር አንሥተው ዕቃ ቤት አስገቡት። አሁን ኳስ ሲነፋ ይውላል።

ባለፈው ወር እናቷ ወይዘሮ የሺአረግ የልጃቸውን ካርድ ሊወስዱ መጥተው ግቢው መሃል አገኙት።

«ባሌን የገደልኸው አንተ ነህ» አሉት።

ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ሣህሉ ኮፍያውን አወለቀ።

«አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ» አላቸው።