ሳንቀመጥ የተመለስንበት ቤት

በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ላይ፣ በኮሮና ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘግተው የቆዩት የካምፓላ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ እኛን ቀድሞ ክፍል የገባው ምስጥ ነበር። ዴስኮቹን ጨርሶ የዳይሬክተሯን በር ጀምሮታል። ትምህርት ቤታችን ከጋባ መንገድ ገባ ብላ ያለች፣ የስደተኛ ልጆችና የሰፈሩ ልጆች አንድ ላይ የሚማሩባት ትንሽ ግቢ ናት። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከመዘጋቱ በፊት ሌሎች ኢትዮጵያውያን አስተማሪዎችም ነበሩን፤ በዚያ በዝግ ዘመን ግን አንዱ ቦዳ ይዞ ሰው በሞተር ማመላለስ ጀመረ፣ ሌላዋ ሱቅ ገባች፣ ተመልሼ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዳይሬክተሯ፣ ሁላችንም ማዳም የምንላት ኡጋንዳዊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሰብስባ «የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅድ እናወጣለን» አለችን። ስሰማ ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ ሳስተምር በየዓመቱ እናወጣ ነበር። በባለቀለም ሰንጠረዥ ይሠራል፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይጎበኛል፣ ክረምት ሲገባ ከግድግዳው ጋር ይረጥባል። እዚህም ያው ነው ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ ሽንት ቤት አለ፣ አንዷ የውሃ ታንከር፣ ሌላው አጥር። ምክትል ዳይሬክተሩ፣ ከረባት ሳያስር ቁርስ የሚበላ የማይመስለኝ ሰው፣ የበሩ ቀለም አለ።

የተሰበሰብነው የሁለተኛ ደረጃ ጀማሪዎች ይማሩበት በነበረው ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ያለችውን ባዶ ቦታ አየሁና ደሜ ፈላ። እዚያ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ አልተመለሰችም።

የወሎ ሰው ልጅ ናት። አባቷ ወደ ጋባ ዓሣ ገበያ ሲወረድ ትንሽ ሱቅ አለው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ከሒሳብ በኋላ ቀርታ «ቲቸር፣ ዓሣ ሲታመም ማነው የሚያክመው?» አለችኝ። አማርኛዋን የተማረችው ቤት ነው፤ ሲቸግራት በሉጋንዳ ትሞላዋለች። ማን አውቆ! «ዓሣ ከታመመ ይጠበሳል» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ቅዳሜ ዋንዴገያ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩና ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሮሌክስ፣ ያ በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ሲበሉ ያገኘኋቸውን ተማሪዎች ጠየቅኩ። የዓሣ ጤና የሚጠናበት ትምህርት አለ አሉኝ። ስነግራት ፊቷ በራ። «ሴትም ትገባለች?» አለች። «ሒሳብ ካለፈች» አልኳት። ከዚያ ወዲያ የቤት ሥራ ሳትሠራ የመጣችበትን ቀን አላስታውስም። ልጅን መምከር እንዲህ ቀላል ነው ለካ ብዬ ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተዘጋ።

እና በዚያ ስብሰባ እጄን አወጣሁ። ስናደድ ድምፄ ከፍ ይላል፣ እንግሊዝኛዬም ይሰባበራል፤ ባሕርዬ ነው። «አጥሩ ማንን ሊያጥር ነው? ልጆቹ የት አሉ?» አልኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አስተማሪ ጥቂት ልጆችን ይውሰድ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ፈተናም ማርክም የሌለበት፣ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ያውራ፤ ምን መሆን ይፈልጋሉ፣ ቤታቸው እንዴት ነው፣ ምን አስቸገራቸው። ያልተመለሱትን ደግሞ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይጠይቅ።

ምክትሉ ፈገግ አለ። «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ይሄ ማሻሻያ ሳይሆን ደግነት ነው። ዕቅድ ውስጥ የሚገባው የሚታይ ነገር ነው።»

ማዳም ልታስታርቀን «በአባሪ እናስገባው» አለች። አባሪን አውቀዋለሁ፤ ተማሪዎችን የማማከር ነገር አገሬም አባሪ ውስጥ ነበር፣ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። «በአባሪ ከሆነ ይቅር» አልኩ። «ከሽንት ቤቱ ጎን ይግባ። ኃላፊ ይኑረው፣ ክፍለ ጊዜ ይመደብለት፣ ተርሙ ሲያልቅ ምን ሠራችሁ ተብለን እንጠየቅበት።»

ለብዙ ቀን ተጨቃጨቅን። ነገሩን የቋጩት የሳይንስ አስተማሪው ናቸው፤ እዚህ አገር ለአዛውንት በሚሰጠው የክብር ስም ምዜ እንላቸዋለን። «ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር አንድ ልጅ ምን እንደሚያስብ ጠይቄ አላውቅም። ጡረታ ሳልወጣ አንዴ ልሞክረው» አሉ። ሐሳቤ ዕቅዱ ውስጥ ገባ።

ማዳም ጥንቁቅ ናትና ለቤት ጉብኝቱ ደንብ አወጣች። ሦስት ሆነን እንሄዳለን፤ በዕድሜ የገፋ አንድ፣ ከአስተዳደር አንድ፣ የወላጁን ቋንቋ የሚናገር አንድ። ደንበኛ ልብስ እንለብሳለን። ኮሮናው ገና አልለቀቀንምና ማስክ እናደርጋለን፣ ሰው ቤት አንቀመጥም፣ የሚበላ የሚጠጣ አንነካም። ደንቡ የወጣው በቅን ልብ ነው። ሁላችንም አጨበጨብን።

መጀመሪያ የማን ቤት እንሂድ ሲባል ከእርሷ ማንንም አላስቀደምኩም። ቅዳሜ ጠዋት ወረድን። ምዜ ለሠርግና ለቀብር የሚያወጡትን ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፣ ምክትሉ ከረባቱን አስሯል፣ እኔም ከአገሬ ይዤ የመጣሁትን ኮት ደርቤያለሁ። የልጅቱ አባት ሱቁ በር ላይ ቆሞ ከሩቅ አየን። አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች አየን። ከዚያ ቆቡን አስተካከለ፣ ደንበኛውን ሸኘ፣ ወንድሙን ከጎረቤት አስጠራ። እኔ ጅሉ፣ ለአስተማሪ ያለው ክብር ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ድሮ ለስብሰባ የምትመጣው እናቲቱ ስለነበረች እኔን በመልክ አያውቀኝም፤ እርሷ ደግሞ ያን ቀን ገበያ ሄዳለች።

ከሱቁ ጀርባ ባለችው ግቢ ወንበር ተደረደረ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ።

«ግድ የለም ጋሼ፣ አንቀመጥም» አልኩት።

ሻይ መጣ፣ ቴምር መጣ።

«አላህ ይስጥልን፣ አንቀምስም። የመጣነው ስለ ልጅዎ ጉዳይ ነው።» ምዜ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከወገባቸው ዝቅ አሉ።

አባትየው ወንድሙን አየው። መሬቱን አየ። ድምፁን አለስልሶ እንዲህ አለ፦ «አላህ ያክብራችሁ። ደጄን አክብራችሁ መጥታችኋል፣ ወላሂ ኮርቻለሁ። ግን ዘግይታችኋል። ለሌላ ቃል ሰጥቻለሁ። ጁባ የሚነግድ የአገራችን ልጅ ነው፤ ኒካው ረመዳን ሳይገባ ይታሰራል።»

ያገሬ ሰው ይህን ሲያነብ ገና ከወንበሩ ላይ ገብቶታል። ደንበኛ ልብስ የለበሱ ሦስት ወንዶች፣ አንዱ ሽበታም፣ ልጃገረድ ያለችበት ቤት መጥተው «አንቀመጥም፣ አንቀምስም፣ ስለ ልጅዎ ነው» ካሉ ሌላ ምን ሊሆኑ ነው? ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። የማዳም የኮሮና ደንብ ከነሙሉ ወጉ ሽማግሌ አድርጎን አረፈው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ምዜ ጠጋ ብለው «ምን አሉ?» አሉኝ። ሳልተረጉምላቸው ወደ አባትየው ዞርኩ።

ማስኬን አወረድኩ። «ጋሼ፣ እኛ አስተማሪዎች ነን። ልጅዎ ትምህርቷን እንድትቀጥል ልንለምንዎት ነው የመጣነው።»

ሰውዬው መጀመሪያ አፈረ። ያልተጠየቀውን የቤቱን ምሥጢር ለማያውቃቸው ሰዎች አውጥቶ መናገሩ ነው። ከዚያ እፍረቱ ወደ ቁጣ ዞረ። «አስተማሪ ከሆናችሁ ታዲያ ለምን አልተቀመጣችሁም?» አለኝ።

«ልጅ ናት እኮ! አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው!» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ልማዱ ከፍ ብሎ።

«ልጅ መሆኗን ለኔ ለአባቷ ነው የምትነግረኝ? በሩን ዘግታችሁ ስትሄዱ የት ነበርክ? ሱቅ ባስቀምጣት የመንገዱ ወንድ ሁሉ ይለክፋታል፤ ቤት ባስቀምጣት ግድግዳ ስታይ ትውላለች። የጎረቤቴ ልጅ አርግዛ ቀረች። እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ‹ልጅቷ እንዴት ናት› አላለኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ልጠላው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ምክትሉ በእንግሊዝኛ የዚህ አገር ሕግ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ማግባትን እንደሚከለክል ረጋ ብሎ ተናገረ። ሕግ የምትለውን ቃል ሳልተረጉምለት ገባችው። ስደተኛ ያቺን ቃል በሁሉም ቋንቋ ያውቃታል። ወንድምየው የአባትየውን ትከሻ ያዘና «በሰላም ሂዱ» አለን።

«ልጅቷን ላናግራት?» አልኩ።

«የለችም» አለኝ። አላመንኩትም።

ሰኞ ማዳም ለሰፈሩ ሊቀመንበር አመለከተች። ሊቀመንበሩ ረቡዕ ሲሄዱ ልጅቷ በእርግጥም አልነበረችም። የኛ መምጣት፣ የዚያች ቃል መነሳት አባትየውን አስደንግጦት ኒካው በማግስቱ እሑድ ታስሮ ነበር። በሌሊት አውቶቡስ አሳፍረው ጁባ ሰደዷት። እኛ ባንሄድ ኖሮ እስከ ረመዳን ጊዜ ነበራት። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቲቱን ማናገር ይቻል ነበር፤ ምናልባት አባትየውም ልቡ ይራራ ነበር። ወሬውን የሰማሁ ዕለት ምስጥ የበላቸው ዴስኮች የተከመሩበት መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ። ምዜ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ የተቀመጡበት ዴስክ ከነሱፋቸው ይዟቸው ወደቀ፤ አነሳኋቸውና አልቅሰን ጨረስን።

ምክክሩ ግን ቀጠለ። በየሳምንቱ ረቡዕ ከልጆቼ ጋር ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። አንዷ አብራሪ መሆን ትፈልጋለች፣ አንዱ ምንም መሆን አልፈልግም ይላል፤ እሱንም እንሰማዋለን። ማዳም ተርሙ ሳያልቅ ዕቅዱን ከመሳቢያ አወጣችና የቤት ጉብኝቱን ደንብ በራሷ እጅ ሰረዘች። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ በር ላይ ማንነታችንን እንናገር፤ ተቀመጡ ከተባልን እንቀመጥ፤ የቀረበልንን እንቅመስ። ሐሳቡን ያመጣው ምክትሉ ነው፣ ያ ደግነት ዕቅድ ውስጥ አይገባም ያለው ሰው። በአዲሱ ደንብ የተመለሱ ልጆች አሉ። ሲመጡ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ዓይኔ ግን በመስኮቱ በኩል ወዳለችው ባዶ ቦታ ይሄዳል።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ።»

ወዲያው አወቅኋት። ከጁባ ነው። እንዴት ነሽ አልኳት፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው አለች። ምግቡስ፣ ሰዉስ አልኩ፤ ደህና ነው አለች። ሌላ ሳልጠይቅ እርሷ ቀጠለች።

«ቲቸር፣ ያን ቅዳሜ ቤታችን የመጣችሁት እናንተ ናችሁ አሉ። በቀደም እናቴ ነገረችኝ።»

«አዎ፣ እኛ ነን።»

«እኔ እኮ ሌላ ሽማግሌ መስሎኝ ነው። የጎረቤት ልጅ ሮጣ መጥታ ሦስት ሰዎች መጡ፣ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል አለችኝ። በጓሮ ወጥቼ እስክትሄዱ ሐይቁ ዳር ተደበቅኩ። እናንተ መሆናችሁን ባውቅ እወጣ ነበር።»

አይዞሽ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ልትወስዱኝ ነበር የመጣችሁት?» አለች።

«አዎ። ልንወስድሽ ነበር።»



«እሺ ቲቸር» አለችኝ፣ ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ስሰጣት በምትለው ድምፅ፤ ስልኩም ተዘጋ።